ክሩ የማን ነው? በእንጦጦ ግርጌ የልብስ ነዳፊና የሸማኔ የሥራ ግንኙነት ታሪክ

በኢትዮጵያ የሸማ ሥራ ልብሱን የሚያስበውና የሚሠራው ሰው ከጥንት ጀምሮ የተለያዩ ናቸው። ዛሬ አሳቢው ዲዛይነር ወይም ነዳፊ ይባላል፤ ሠሪዎቹ ሸማኔው፣ ጠላፊውና ልብስ ሰፊው ናቸው። በቀድሞው ዘመን አሳቢዋ የቤት እመቤት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሱቁ፣ ቀጥሎም የማኅበር ሊቀ መንበሩ በቦታዋ ተተኩ። ሰዎቹ ቢለዋወጡም ግንኙነታቸውን ከሁሉ በላይ የወሰነው አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ክሩን የገዛው ማን ነው? ክሩን በእጁ ያደረገ ሰው ልኩን፣ ጥለቱን፣ የመረከቢያውን ቀንና ዋጋውን ይወስናል፤ ሥራው ሲበላሽ ኪሳራውን የሚሸከመውም በአብዛኛው እርሱ ነው። ይህን ታሪክ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ስፍራ በአገሪቱ የለም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ ሲያልፍ ሽሮ ሜዳ ይጀምራል፤ የአገር ልብስ ሱቆች ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ የሸማኔ ቤቶች ከሱቆቹ ጀርባ ይገኛሉ። ሽሮ ሜዳ በአስተዳደር የጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። የተራራው ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ማለትም ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበናና ኮተቤ ደግሞ በየካ በኩል ይውላል። የሸማው ሥራ ግን ይህን ድንበር አያውቅም፤ ፈታዮቹ፣ ሰፊዎቹና ገዢዎቹ በሁለቱም በኩል ይኖራሉ።

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ልብስ በአብዛኛው ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ጥጥ ገዝቶ ያስዳምጥ፣ በደጋን ያስነድፍ፣ ባዘቶ አድርጎ በእንዝርት ያስፈትል ነበር። መፍተል የሴት ሥራ ነው፤ ሽመና ደግሞ የወንድ። ሸማኔ በብዙ ቦታ በዝቅተኛ ዐይን ሲታይ ፈትል ግን የክብር ሥራ ነበር፤ ባለጸጋ እመቤቶች ሳይቀሩ እንዝርት ይዘው ይውሉ ነበር፤ የቀጭን ፈትል ሙያም የሴት ልጅ መመስገኛ ነበር። የተፈተለው ልቃቂት ሲበቃ ወደ ሸማኔው ይላካል። ላኪዋ ስፋቱንና ርዝመቱን በክንድና በስንዝር ትነግረዋለች፤ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ ወይም ቡልኮ መሆኑን፣ ጥለቱ ቀይ ይሁን ሌላ፣ ምን ያህል እንዲሰፋም እርሷው ትወስናለች። ሸማኔው የሚቀበለው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው።

በዚህ ሥርዓት ነዳፊዋና የክሩ ባለቤት አንድ ሰው ናቸው። ይህ ሥርዓት ለሸማኔው ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ገንዘብ ሳያወጣ ይሠራል፤ ለሸማውም ገዢ መፈለግ የለበትም። ጉድለቱ ግን ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ሥራ ማየት አለመቻላቸው ነው። የተላከው ክር ሁሉ ሸማ ላይ መዋሉን እመቤቲቱ የምታውቀው በግምት ነው፤ ፈትሉ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ቢሳሳ ሸማው እኩል እንደማይወጣ ደግሞ ሸማኔው ያውቃል፤ ነገር ግን ይህን ለባለጸጋ ቤት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ልቃቂት ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ሸማው ሲመለስም በክንድ ተለክቶ ይረከብ ነበር። መቁጠርና መለካት በዚህ ሙያ ውስጥ የመጀመሪያው የውል ዓይነት ነው ቢባል ትክክል ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ አዲስ አበባ ከተመሠረተች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ፣ ቤተ መንግሥቱም ከተራራው ወርዶ ነበር። ግቢው የራሱ ሠራተኞች ነበሩት፤ ብረት ቀጥቃጮች፣ አንጥረኞች፣ ኮርቻ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች። የሠራተኛ ሰፈር ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ ቀጨኔም በሸክላና በሽመና ባለ ሙያዎቹ ታወቀች። መኳንንቱ ያለ እነዚህ ሰዎች እጅ መልበስም መጫንም አይችሉም ነበር፤ ሆኖም ባለ ሙያው ሁሉ በሙያው ይሰደብ ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» ማለት የተለመደ ነበር። ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. በእጅ ሥራ የሚተዳደሩትን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን ባያጠፋውም በሥራው ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። የሚናቅ ሰው ስለ ሥራው አስተያየት አይጠየቅም፤ አስተያየት የማይጠየቅ ሸማኔ ደግሞ የታዘዘውን ሠርቶ ከመስጠት በቀር የሚያውቀውን አያካፍልም። ከዚያ በኋላ በነዳፊና በሸማኔ መካከል የታዩት ብዙ አለመግባባቶች መነሻቸው ይህ ንቀት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጋሞ ደጋማ አገር በምኒልክ ግዛት ውስጥ ከገባ በኋላ ከዶርዜ፣ ከዶኮ፣ ከጨንቻና ከቦንኬ የሚመጡ ሸማኔዎች ወደ ዋና ከተማዋ መፍለስ ጀመሩ። በአገራቸው ሽመና ከእርሻ ጎን የሚሠራ የወንዶች ሙያ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ። አዲስ አበባ ላይ ሁሉም በጅምላ «ዶርዜ» ተባሉ፤ ብዙዎቹ በሽሮ ሜዳ፣ በጉለሌና በአዲሱ ገበያ አካባቢ ሰፈሩ። አንዱ ሲረጋ ወንድሙን፣ የአጎቱን ልጅ፣ የአገሩን ሰው እያመጣ፣ በአንድ ቤት ብዙ መሸመኛ ተተክሎ ታላቁ ታናሹን እያስተማረ ሙያው ሰፋ። የመሸመኛው አሠራር ቀላል ነው፤ ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ በእግሩ ድሩን እየከፈተ ቀሰም የተሸከመውን መወርወሪያ ከእጅ እጅ ይወረውራል። የጥለቱ ጥበብ ግን በመወርወሪያ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ቀለም ያለውን ክር በድሩ መካከል በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል፤ የቅርጹ ቁጥር ያለው በጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ከጋሞ የመጣው ሸማኔ ከተማ ሲገባ ግን ክር ይዛለት የምትመጣ እመቤት በየደጁ አላገኘም። ከተማዋ ከሠራዊቱና ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ብዙ ነዋሪ፣ ብዙ ነጋዴ፣ ብዙ ደመወዝተኛ አፈራች፤ እነዚህ ሰዎች የተዘጋጀ ልብስ ከገበያ መግዛት ፈለጉ። በዚሁ ጊዜ የፋብሪካ ክር ከውጭ መግባት ጀመረ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከሕንድና ከሌላም አገር የሚመጣው ክርና ጨርቅ በርካሽ ወደ ከተማዋ ፈሰሰ። የአሜሪካው አቡጀዲ ቀደም ብሎ አገሩን ሞልቶት ነበር፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። መሐመድ አሊን የመሰሉ የሕንድ ነጋዴዎች በጨርቅና በክር ንግድ ታላቅ ስም አተረፉ። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ለመደ። ድሩ እኩልና ጠንካራ ስለሆነ አይበጠስም፤ ማጉ ለስላሳ ስለሆነ ሸማው ሙቀትና ገላ ያገኛል። ይህ ቅንብር እስከ ዛሬ የሐበሻ ሸማ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ለውጡ ለግንኙነቱ የነበረው ትርጉም ከጨርቁ ይልቅ የሰፋ ነው። የፋብሪካ ክር በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ሸማኔው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ባለ ሱቁ ክሩን በዱቤ ይሰጠዋል፤ ሸማኔው ሸማውን መልሶ ለዚያው ባለ ሱቅ ያስረክባል፤ ዕዳው ከዋጋው ላይ ይነሣል። ክሩ የሸማኔው መሰለ እንጂ አልሆነም። ዋጋውን የሚወስነው ክሩንም ሸማውንም በእጁ የያዘው ነጋዴ ነው፤ ከበዓል በፊት ፈላጊ ሲበዛ ትርፉ የነጋዴው፣ በክረምት ገበያ ሲቀዘቅዝ ጾሙ የሸማኔው ሆነ። በዚህ ዘመን የንድፍ ሥራ በማን እጅ ነበር ቢባል፣ በነጋዴው ነው። ምን እንደሚሸጥ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የሚያዘውም ትናንት የተሸጠውን ነው። ከዚህ የተነሣ ጥለቱ ለረጅም ጊዜ ብዙ አልተለወጠም። ሸማኔው አዲስ ቅርጽ ቢያስብ እንኳ ባልተከፈለበት ክር የሚሞክርበት አቅም አልነበረውም፤ ይህ እንደ ችሎታ ማነስ መቆጠሩ ትልቅ በደል ነው።

የስፌት መኪና መስፋፋት ሌላ ሠራተኛ በመካከል አስገባ። የቀድሞው ቀሚስ ሰፊና ልቅ ስለነበር ልኬቱ አያስቸግርም ነበር፤ የሲንጀር መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ግን ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ መግጠም፣ አንገት በጥልፍ ማስጌጥ ቻለ። ሸማው ከመሸመኛ ሲወርድ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። የሸማኔው መሸመኛ ጠባብ በመሆኑ ቀሚስ የሚሠራው ጎን ለጎን ከተጋጠሙ ቁራጮች ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ጥለቱ እኩል ካልመጣ ልብሱ ጠማማ ይመስላል። ጥፋቱ የሸማኔው ነው ወይስ የሰፊው የሚለው ክርክር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የአገር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተቋቋሙ፤ ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ባሕር ዳር። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን ክር አምራቾቹ አደይ አበባ ድርና ማግ እና እድገት ነበሩ፤ የአገር ውስጥ ድር ከእነዚህ ይመጣ ነበር። ደርግ ሥልጣን ይዞ ፋብሪካዎቹን ከወረሰ በኋላ ክሩ የመንግሥት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የእጅ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ማስፋፊያ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 124 ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ወጣ። ሸማኔዎች በማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ፤ የተደራጀ ክር በኮታ ያገኛል፤ ያልተደራጀ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ማኅበራቱ ሸማኔውን ከነጋዴው ዱቤ ማላቀቃቸው እውነተኛ ጥቅም ነበር፤ ብዙ ሸማኔ የሒሳብ መዝገብና የጋራ መጋዘን ያየው በዚያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ልብሱን ለለባሹ የሚያስብ ሰው ከሥርዓቱ ወጣ። የሚለካው የተመረተው ብዛት ስለሆነ ማኅበሩ የሚያስበው ስለ ኮታው ነበር፤ ለባሹ ምን እንደሚወድ የሚጠይቅ አልነበረም።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው በፍጥነት ተለወጠ። የክር ኮታው ቀረ፤ ብዙ ማኅበራትም ፈረሱ። በኅዳር 1990 ዓ.ም. መንግሥት የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የፌዴራል ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ኤጀንሲ የተሻሻለ መሸመኛን ማስተዋወቅና ሥልጠና መስጠት ያዘ። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን ከለባሹ መጣ። የሐበሻ ቀሚስ የበዓል፣ የሠርግ፣ የመልስ ልብስ ሆኖ በአዲስ መልክ ተወደደ፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለክረምት ሲመጡ ሻንጣ ሙሉ ይገዙ ጀመር። ነጭና አንድ ዓይነት ጥለት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ አቀማመጡ በየዓመቱ ይለዋወጥ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው በትምህርት የሠለጠነው ዲዛይነር ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደው። የሣራ መሐመድ ኔክስት ፋሽን ዲዛይን ኮሌጅ ብዙ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን በዲግሪ ይሰጥ ጀመር። ፍቅርተ አዲስ የፍቅር ዲዛይንን መሥርታ የእጅ ሽመናን ለዘመናዊ ቅርጽ አዋለችው። በማኅሌት ተክለማርያም የተጀመረው ሃብ ኦፍ አፍሪካ የፋሽን ሳምንት ከ2010 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የአገር ውስጥ ዲዛይነሮችን ከውጭ ገዢዎች ጋር አገናኘ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ የአገሯ ሸማኔዎች ሥራ እያጡ መሆናቸውን አይታ በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ለምለም የተባለው የልብስ ድርጅት ደግሞ የእጅ ሽመናን ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሱቆች አቀረበ።

ዲዛይነሩና ሸማኔው መጀመሪያ ሲገናኙ አልተግባቡም፤ ምክንያቱም ሥራቸውን የሚጽፉበት ቋንቋ የተለያየ ነው። ዲዛይነሩ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ በሳንቲ ሜትር ይለካል፤ የተሳለው መስመር ሁሉ ይሠራል ብሎ ያምናል። ሸማኔው በክንድ ይለካል፤ የሚያስበው በድር ቁጥር ነው። ክብ ቅርጽ በሥዕል ቀላል ነው፤ በመሸመኛ ላይ ግን ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ የክር ቁጥር ብቻ አለ። ስለዚህ ሥዕሉን በካሬ ወረቀት ላይ፣ አንድ ካሬ የተወሰነ ክር እንዲሆን አድርጎ መገልበጥ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ዲዛይነሩ ራሱ ከመሸመኛው አጠገብ ተቀምጦ የመጀመሪያዋን ስንዝር ማሠራቱ ነው። የናሙናዋ ቁራጭ ለሁለት ተቆርጣ አንዷ በዲዛይነሩ፣ ሌላዋ በሸማኔው ቤት ስትቀመጥ የኋላ ክርክር ይቀንሳል፤ ቃል ይረሳል፤ ቁራጯ ግን አትረሳም።

ክሩም በራሱ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። የጥለት ክር በአንድ ጊዜ የተነከረው ሌላ ጊዜ ከተነከረው ጋር በትክክል አይመሳሰልም፤ በትእዛዙ መካከል ክር ካለቀና ከሌላ ጥቅል ከተተካ ቀሚሱና ነጠላው አንድ ላይ ሲለበሱ የቀለሙ ልዩነት ይታያል። የእጅ ፈትል ማግ ያለው ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ይህን ሳያስብ በልክ የሰፋ ዲዛይነር ልብሱ ከታጠበ በኋላ ለደንበኛው ይጠብበታል። ሸማኔው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ካልተጠየቀ ግን አይናገርም፤ ያለመጠየቁ ታሪክ ደግሞ ረጅም ነው። ልምድ ያላቸው ዲዛይነሮች ስለዚህ የአንድ ትእዛዝ ክር በሙሉ በአንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሸማኔው ጋር አብረው ሄደው ይገዛሉ፤ የመሰብሰቢያ ትርፍም ይጨምራሉ። ክሩ እንደገና የአሳቢው ሆነ ማለት ነው። ሸማኔው ከዱቤ ዳነ፤ የእጅ ዋጋውንም ከክር ዋጋ ለይቶ መነጋገር ቻለ። ከእመቤቲቱ ዘመን የሚለየው ዲዛይነሩ ደጅ ላይ ቆሞ ልቃቂት የሚቆጥር ሳይሆን ቤቱ ገብቶ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ በመካከላቸው የተሻለ መተማመን የተገኘውም በዚህ ነው።

ቀነ ቀጠሮ ከክር ቀጥሎ ትልቁ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ተራ ነጠላ በሁለትና በሦስት ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ሰፊ ጥበብ ያለው የሙሽራ ቀሚስ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ትእዛዙ የሚጎርፈው ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ከዚያም ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ለሚደረጉ ሠርጎች። አንድ ሸማኔ ከሦስት አሠሪ ቀብድ ተቀብሎ ለሦስቱም አንድ ቀን የሚቆርጥበት ጊዜ አለ፤ ይህ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ማንም ዘወር ብሎ እንደማያየው ስለሚያውቅ ነው። ከበዓላቱ ሁሉ መስቀል ለብቻው ይቆማል። የጋሞ ሰው መስቀልን ከቤተሰቡ ጋር ለማክበር ወደ አገሩ ይገባል፤ በመስከረም አጋማሽ ብዙ መሸመኛዎች ባዶ ይሆናሉ። ይህን የማያውቅ አሠሪ ለመስከረም መጨረሻ የተቀጠረውን ሥራ ሲጠብቅ ይውላል። የሚያውቀው ትእዛዙን በክረምት ያስገባል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሥራ ሲቀንስ የሚሰጥ ትእዛዝ ለሸማኔው የክረምት ቀለብ ነው፤ ለአሠሪውም ያለ ጥድፊያ የተሠራ ንጹሕ ሸማ ያስገኛል። በዓመት ሙሉ ሥራ የሚሰጥ ዲዛይነር በጥድፊያ ወቅት ቅድሚያ ሲያገኝ ይታያል፤ ይህ ልማድ ከማንኛውም የተጻፈ ውል ይልቅ ይሠራል።

ልማዱን ወደ ድርጅት አሠራር ከለወጡት መካከል ሳራ አበራ የመሠረተችው ሙያ ኢትዮጵያ ትጠቀሳለች። ድርጅቱ ሸማኔዎችን በአንድ ቅጥር ውስጥ አሰባስቦ ለውጭ ገዢዎች ማምረት ጀመረ፤ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባልም ሆነ። የዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ ለእጅ ሥራ ትእዛዝ አምራቹ ሲጠይቅ ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ ቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። ቀብድ ለሽሮ ሜዳ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር መጠኑ የታወቀ መሆኑና ሸማኔው እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብት የሚጠይቀው መሆኑ ነው። ግማሽ ዋጋ በእጁ ያለ ሸማኔ ክር በዱቤ አይገዛም።

ቅጂ ግን እስከ ዛሬ መፍትሔ ያላገኘ ጉዳይ ነው። በአንድ ታዋቂ ሙሽራ ላይ የታየ ጥለት ብዙ ሳይቆይ በሱቆች መስታወት ውስጥ ይሰቀላል። ዲዛይነሮች በዚህ ሸማኔውን ይወቅሳሉ፤ ቅርጹን ለሌላ አሠሪ ሠራብኝ ይላሉ። ሸማኔው ደግሞ ቁጥሩን ያገኘው፣ እጁን ያለማመደውና ስህተቱን ያረመው እርሱ ስለሆነ የእኔ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዲስ ንድፍ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜም በአምስት በአምስት ዓመት ይራዘማል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ምዝገባው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ነገር ግን በየወቅቱ ለሚለዋወጥ ጥለት ምዝገባ መጠበቅ ለብዙ ዲዛይነር አያዋጣም፤ ከአባት የወረደ ቅርጽ ደግሞ የማንም ብቸኛ ንብረት ሊሆን አይችልም። በተግባር የሚሠራው ስምምነት ጠበብ ያለ ነው፤ ሸማኔው ቅርጹን ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ላይሠራ፣ ዲዛይነሩም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ከሌላ ሸማኔ ዘንድ ላይወስድ። ግዴታው በሁለቱም ላይ ሲሆን ይከበራል፤ በሸማኔው ላይ ብቻ ሲጫን አይከበርም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መታለፍ የሌለበት ጨለማ ክፍል የሕፃናቱ ነው። ታላቁ ታናሹን እያመጣ ያስተምር የነበረበት ልማድ በጊዜ ብዛት ተበላሽቶ፣ ከጋሞ ደጋ ትምህርት ይማራል ተብሎ የመጣ ልጅ በጠባብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሸምን የሚውልበት ሁኔታ ተስፋፋ። በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ይህ ጉዳይ በተደጋጋሚ ተጠንቶ ተመዝግቧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጓል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ በየሸማኔው ቤት አይደርስም። የሚደርሰው ትእዛዝ ሰጪው ነው። ሸማው የት ቤት፣ በማን እጅ እንደተሠራ የማይጠይቅና ዋጋ ብቻ የሚያስቀንስ ዲዛይነር ከነጋዴው የተሻለ ነገር አላመጣም። የእጅ ዋጋው ለአዋቂ ሰው ኑሮ ሳይበቃ ሲቀር ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

በተራራው ምሥራቃዊ ጎን፣ በየካ በኩል፣ ሌላ ዓይነት የሥራ ግንኙነት ተፈጠረ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከገባ ወዲህ የእንጦጦ ጫካ የከተማዋ ማገዶ ነው፤ ጭራሮና ቅጠሉን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። እነዚህን ሴቶች ከሸክም ለማላቀቅ በዓለም ሥራ ድርጅት ጥናት ተነሣስቶ የቀድሞ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ አባላቱም ሽመናን ተማሩ። ሽመና የወንድ ነው የሚለው ልማድ በዚህ ተሰበረ። ማኅበሩ ሻርፕና የአንገት ልብስ እየሠራ በአብዛኛው ለጎብኚዎችና ለውጭ ገዢዎች መሸጥ ጀመረ። ከቤት የወረሱት የጥለት ልማድ ስላልነበራቸው ቀለምና ቅርጽ በሚያማክሯቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ መደገፋቸው ድክመታቸው ነበር፤ ቋሚ ነዳፊ የሌለው አምራች ገበያው ሲለወጥ ወዴት እንደሚዞር ይቸግረዋል። ብርታታቸው ደግሞ ክሩም፣ ቦታውም፣ መሸጫውም የማኅበሩ መሆኑ ነው።

የፋብሪካው መንገድ ከሽሮ ሜዳ የራቀ ቢመስልም ጥያቄው ያው ነው። በከተማዋ ምሥራቅ የቦሌ ለሚ፣ በአገሪቱ ደቡብ ደግሞ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ለውጭ ስሞች ልብስ መስፋት ሲጀምሩ ንድፉ፣ ጨርቁና ክሩ በአብዛኛው በገዢው ይመረጥ ነበር፤ ፋብሪካው የሚያገኘው የመቁረጥና የመስፋት ዋጋ ነው። ይህ ልቃቂት ተቀብሎ የእጅ ዋጋ ብቻ ይወስድ ከነበረው የእንጦጦ ሸማኔ አሠራር ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እመቤቲቱ በእግር በሚደረስበት ቦታ የነበረች መሆኗ ነው። የሐዋሳው ዋና ገዢ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋብሪካውን ዘጋ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ሌሎችም ትእዛዝ ቀነሱ። ክርም ንድፍም የሌላቸው ፋብሪካዎች የራሳቸው የሚሉት ምርት አልነበራቸውም። የአገር ውስጥ ዲዛይነሮች ይህን ክፍተት ሊሞሉ ያልቻሉት በመጠን ምክንያት ነው፤ ፋብሪካው የአንድ ሞዴል ብዙ ሺህ ይፈልጋል፤ ዲዛይነሩ ጥቂት ደርዘን ያዝዛል። ስለዚህ የዲዛይነሩ ስፌት ወደ ትናንሽ ቤቶች ሄደ፤ በመገናኛ፣ በኮተቤና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በሆነው ምሥራቃዊ ክፍል፣ አምስትና አሥር መኪና ይዘው ትእዛዝ የሚቀበሉ ሰፊዎች ዘንድ። እነዚህ ቤቶች የተሸመነውን ሸማ ጥለቱን ሳያባክኑ መቁረጥ የተማሩት ከስህተት ነው፤ ዛሬ አንድ ዲዛይነር ከሸማኔው ያላነሰ አጥብቆ የሚይዘው ጥለት መግጠም የሚያውቅ ቆራጭን ነው።

የቅርቡ ዘመን ፈተና ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የጥለት ምስል በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ ከሩቅ ሲታይ ከሽሮ ሜዳ ሸማ የማይለይ ልብስ በርካሽ ይሸጣል። በሌላ በኩል የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ከውጭ የሚመጣው የጥለት ክር ይበልጥ ውድ ሆኗል፤ በትእዛዙ ቀን የተቆረጠ ዋጋ በመረከቢያው ቀን ላይሠራ ይችላል። ክሩን በትእዛዙ ቀን ሙሉ በሙሉ ገዝቶ የሚያስቀምጥ አሠሪ ከዚህ ጭቅጭቅ ይድናል፤ ክሩን በሸማኔው ላይ የሚተው አሠሪ ግን ወይ ሸማኔውን ያከስራል፣ ወይ በቀጭን ክር የተሠራ ሸማ ይረከባል።

በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ጊዜ የምትረሳው ፈታይዋ ናት። የእጅ ፈትል ማግ አሁንም የሚመጣው በየቤታቸው እንዝርት ከሚያሾሩ ሴቶች ነው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ክሩን የሚሸጡት ለአመላላሽ ነጋዴ በጥቂቱ በጥቂቱ ነው፤ የሸመነውንም የነደፈውንም ሰው አያውቁም። ልጆቻቸው መፍተልን አልተማሩም፤ ምክንያቱም የአንድ ቀን ፈትል የአንድ ቀን ምግብ አይገዛም። ከዚህ የተነሣ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነ ሸማ በሽሮ ሜዳ እየበዛ ሄዷል። እውነተኛ ፈትል የሚፈልጉ ጥቂት ዲዛይነሮችና ድርጅቶች ግን ሸማኔውን እንዳገኙት ሁሉ ፈታዮቹን ፈልገው ማግኘት ጀምረዋል፤ ጥጡን ገዝተው ይሰጣሉ፤ ውፍረቱን በናሙና ልቃቂት ያሳያሉ፤ የእጅ ዋጋውን ያለ ነጋዴ በቀጥታ ይከፍላሉ።